ፎቶ የሚያሳየው ሰዓት

ሰው ከኖረበት ቤት እንዲወጣ ሲፈረድበት፣ ፈራጆቹ ለምን ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ? ናዝራዊት ይህን ጥያቄ ይዛ አመሸች፤ ይዛው ነጋባት። ትናንት መሥሪያ ቤቷ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ ከአየር ጤና ቀደም ብላ ወደ ሰበታ ተመልሳ ነበር። የግቢውን በር ገፋ አድርጋ ስትገባ አጎቷ ጋሽ አሥራት ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ስልካቸውን ከውሃ ጀሪካን ጋር አስደግፈው፣ ስዊድን ካለው ወንድሟ ከሽመክት ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ሲያወሩ አገኘቻቸው። ሰላም ልትል አፏን ስትከፍት የራሷን ስም ሰማችና ከኩሽናው ጥግ ቀጥ ብላ ቀረች።

«ናዝራዊትስ?» ይላሉ ጋሽ አሥራት፣ በሹክሹክታ።

«ናዚ ምን ችግር አለባት?» አለ ሽመክት ከስልኩ ውስጥ። «ብቻዋን ናት፣ ሥራ አላት፤ አንድ ክፍል ትከራያለች። እማዬን አንተ ጋ ሱሉልታ ውሰዳት። ናዚ ቤት ምን ያደርግላታል?»

«እንግዲህ ሰውየውን ነገ በጠዋት አምጥቼ አሳየዋለሁ። እናትህ ኪዳን ትሄዳለች፣ ልጅቷም ታክሲ ሰልፍ ላይ ትሆናለች። ውክልናው እንደሆነ ‹መሸጥ መለወጥ› ይላል፤ ሌላ ፊርማ አያስፈልገንም።»

ውክልናውን ናዝራዊት ታውቀዋለች። አምና የውሃ ቆጣሪ ለማዛወር ወረፋው ሲያሰለቻቸው እናቷ ወይዘሮ ወርቅቱ ለታናሽ ወንድማቸው የሰጡት ነው። «አሥራት ወንድሜ ነው፣ ምን አነባለሁ» ብለው ነበር የፈረሙት። አጎቷ ስልኩን ዘግተው ዞር ሲሉ አዩዋትና፣ «እንዴ ናዚ፣ ዛሬ በጊዜ!» አሉ። እሷም «አዎ ጋሼ፣ መብራት የለም» አለች። ሻይ አፈላችላቸው። ስለ ታክሲ ዋጋ መጨመር፣ ስለ ሱሉልታ ብርድ፣ ቲማቲም በኪሎ ስንት እንደገባ ተጨዋወቱ። ሁለቱም ያንን ነገር በመካከላቸው እንደተኛ ውሻ ትተውት፣ እንዳይነቃ እየተጠነቀቁ ዙሪያውን አወሩ። እሳቸው ሲሄዱ ግንባሯን ሳሟት።

ቤቱ ትልቅ አይደለም። አባቷ አበራ በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ እየሠራ መጀመሪያ በጭቃ አቆመው፤ ኋላ ግማሹን በብሎኬት ቀየረው፤ ሌላውን ግማሽ ሳይቀይር ሞተ። እስከ ዛሬ ሳሎኑ በብሎኬት፣ መኝታ ቤቶቹ በጭቃ እንደሆኑ ናቸው። ዝናብ ሲመታ በሁለቱ መካከል ባለው ስፌት ውሃ ይገባል፤ ናዝራዊትም በየክረምቱ ስሚንቶ ትጠቀጥቅበታለች። ሽመክት ቆርቆሮውን አሳድሶ ያውቃል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን ዝናቡ የት የት እንደሚገባ የሚያውቅ፣ ማታ ሳፋውን የሚደቅን፣ የእናቱን ጉልበት በቅባት የሚያሽ ሰው ቤት ምን ያደርግለታል ሲባል መስማት ሌላ ነገር ነው። የሰበታን የኪራይ ክፍሎች ደግሞ ታውቃቸዋለች። ጓደኛዋ ሐኒ አንዲት አልጋ ለማትገባበት ክፍል አምስት ሺህ ብር ትከፍላለች፤ በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል፣ ካውያ መሰካት ክልክል ነው፣ እንግዳ መምጣት ያስገለምጣል።

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ሰዓቱ ነው። ሰዓቱን ሽመክት አምና በሰው እጅ የላከው ለእናቱ ነው። ወፈር ያለ መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ዕቃ ነው፤ በአንድ ጥጉ ሰዓት ይቆጥራል፣ ከግርጌው ቀኑን ይጽፋል፣ የቀረው ገጹ በሙሉ ፎቶ ነው። አንዱን ፎቶ ያሳይና ጥቂት ቆይቶ ወደ ሌላው ያልፋል። ጠዋት ሲደውል ገጹ ቀስ እያለ ይበራና ክፍሉን እንደ ንጋት ይሞላዋል። ናዝራዊት በእኛ አቆጣጠር እንዲሄድ አድርጋ ስለሞላችው ቀኑን የሚቀይረው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን ልክ ወፍ ሲንጫጫ ነው። ይህን ስትነግራቸው ወይዘሮ ወርቅቱ፣ «ታዲያ ቀን የሚጀምረው መቼ ይመስላቸዋል?» ብለው ተገረሙ። ፎቶዎቹን የምትጭነው እሷ ናት። ሽመክት በስልክ የሚልከውን ትመርጥና እናቷ በአካል አይተዋቸው የማያውቁ የልጅ ልጆች ስም እንዳይምታታባቸው ከየፎቶው ሥር ስም በትልልቅ ፊደል ትጽፋለች። ወይዘሮ ወርቅቱም አልጋቸው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱ ሲመጣ፣ «እንደምን አደርክ የኔ ጌታ፣ አንቺስ ጥርስሽ በቀለ?» እያሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ናዝራዊት አንድ ቀን እየሳቀች፣ «እማዬ፣ እኔ ግን የለሁበትም እኮ» ስትላቸው፣ «አንቺንማ በዓይኔ አይሻለሁ፤ እዚያ የሚገባ የናፈቀኝ ነው» አሏት። በዚያን ጊዜ መልሱ ደስ ብሏት ነበር።

ቀኑን እንደቀየረ ሰዓቱ ጮኸ። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ስለሌለ ሻማ ለኩሳ ኮመዲኖው ላይ ከሰዓቱ አጠገብ አቆመችው። ሰዓቱ የራሱ ባትሪ አለው፤ ግን መብራት ሲጠፋ ኃይል ለመቆጠብ ፎቶ መቀያየሩን ያቆምና ባለበት ይቀራል። ዛሬ የቀረው በሽመክት ላይ ነው። ባለፈው ሳምንት የላከው አዲሱ ፎቶ ነው፤ ለሥራ ብሎ ስቱዲዮ የተነሳው፣ ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰበት፣ ከኋላውም ጥቁር የሆነ፣ ፈገግ ያላለበት። ከሥሩ ‹ሽመክት አበራ› ይላል። ከስሙ ሥር የዛሬ ቀን።

እናቷ ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ናዝራዊት ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባትና እንዳመጣላት ነገረቻቸው፦ ጋሽ አሥራት ቤቱን ሊሸጡ እንደሆነ፣ ገዢው ዛሬ ጠዋት እንደሚመጣ፣ ያዘዘው ሽመክት እንደሆነ። ወይዘሮ ወርቅቱ ተመልሰው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ይዘው የልጃቸውን ፎቶ ትክ ብለው ያዩ ጀመር፤ እንባቸውም ድምፅ ሳያሰማ ወረደ።

በዚህ መሀል ነው ጎረቤታቸው እትዬ የሺወርቅ እንደየማለዳው ወደ ኪዳን ይዘዋቸው ሊሄዱ ደጁን ከፍተው ብቅ ያሉት። መኝታ ቤቱ በር ላይ እንደደረሱ ቆሙ። ናዝራዊት ተነስታ ወደ ሳሎን መለሰቻቸው።

«ዛሬ አትሄድም፣ እትዬ የሺ።»

እትዬ የሺ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ማን ነገራት?» አሉ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ።»

«ብቻሽን? ምነው ልጄ፣ ምነው! እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ ይነገራል? ሰው አይጠራም?»

ናዝራዊት ገረማት። ወሬው ሰፈሩን አዳርሶ እሷ ብቻ ነበረች ማለት ነው ያልሰማችው? ግን አባባላቸው ትክክል መሰላት። ጋሽ አሥራት ገዢ ይዘው ሲመጡ እሷና አንዲት የስልሳ ስምንት ዓመት እናት ብቻቸውን ምን ይመልሳሉ? «ልክ ነዎት» አለች። «እንግዲያው ሰው ይጥሩልኝ። ጋሽ አሥራትም አሁን ይመጣሉ።»

«እሱም ሰምቷል?»

«እሳቸው ናቸው እንጂ የጨረሱት።»

እትዬ የሺ ደረታቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወጡ። ኋላ ላይ ለሰው ሁሉ ሲምሉ እንደኖሩት፣ በዚያች ቅጽበት ያዩት ነገር ሌላ ትርጉም ሊኖረው አይችልም ነበር። የበራ ሻማ፣ ከሻማው አጠገብ ጥቁር የለበሰ ሰው ፎቶ፣ ከፎቶው ሥር ሙሉ ስምና የዛሬ ቀን፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ አፏን ይዛ የምታለቅስ እናት። ልጁ ያለው በሰው አገር። መርዶ ደግሞ ደንብ አለው፤ ዘመድ ከሩቅ ይመጣል፣ ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል፣ ሰው ሳይሞላ ድምፅ አይሰማም። ይህች ያልበሰለች ልጅ ደንቡን አፍርሳ ለእናቷ ብቻዋን አረዳቻት። እትዬ የሺም የፈረሰውን ደንብ ሊጠግኑ ወደ ዕድሩ ሊቀመንበር ወደ ኦቦ ኢፋ ቤት ሮጡ።

ናዝራዊት የእናቷን ጉልበት ይዛ ተቀምጣ ሳለ ግቢው መሙላት ጀመረ። መጀመሪያ የእግር ኮቴ ሰማች፣ ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር መሬት ሲነካ፣ ቀጥሎ የታፈነ ሳል። በመስኮቱ ብታይ ኦቦ ኢፋ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። ጎረቤታቸው ሳሊሃ ከነቴርሞሷና ከነምንጣፏ ገብታ ምንጣፉን በረንዳው ላይ ታነጥፋለች፤ ከላይኛው ሰፈር ሳይቀር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። ማንም አይናገርም። ናዝራዊት በዚህ ሰፈር ያደገች ናት፤ ሐሜቱን ታውቀዋለች፣ የአጥር ጠቡን ታውቀዋለች፤ ለሁለት ሴቶች ቤት ተብሎ ይህ ሁሉ ሰው በብርድ ይነሳል ብላ ግን አስባ አታውቅም። ጥቁር ለምን እንደለበሱ ትንሽ ግር ብሏት ነበር። «ነገሩን እንደ ሞት ቆጠሩት» ብላ ለእናቷ ነገረቻቸው፤ ወይዘሮ ወርቅቱም ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

የጋሽ አሥራት መኪና በሩ ላይ ስትቆም ቀኑ ገና መፍካቱ ነው። ከሱሉልታ ሰበታ ድረስ ከተማውን አቋርጠው፣ ገዢውንና ደላላውን በገዢው መኪና ከኋላ አስከትለው፣ ሰው የሌለበት ቤት ለማሳየት ነበር የመጡት። ደላላው በኦሮምኛ «አካም ቡልተን!» ብሎ የማለዳ ሰላምታ እየሰጠ በፈገግታ ቀድሞ ገባና ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ከኋላው ጋሽ አሥራት ገቡ። ግቢው ሙሉ ሰው ነው፣ አግዳሚ ነው፣ የተዘቀዘቀ ነጠላ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ወዲያው ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ያዟቸው። «ጠንከር በል አሥራት፤ አንተ ነህ የምታጽናናት፤ እግዜር ያጥናህ» አሏቸው።

ጋሽ አሥራት የእህታቸውን በር አዩ። እህታቸው በረንዳው ላይ የሉም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰበታ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

«ወይኔ እህቴ!» ብለው ጮኹ። ባርኔጣቸውን ወርውረው መሬት ላይ ተዘረጉ። «ወይኔ ወርቅቱ! ቤትሽን ልሸጥ ሰው ይዤ ስመጣ አንቺ ቀድመሽኝ ወጣሽ! ሳልነግርሽ! እንደ ሌባ ከቤት እስክትወጪ ጠብቄ! ለቆጣሪ ብለሽ የፈረምሽልኝን ወረቀት ኪሴ ይዤ! ልጅሽን በረንዳ ላይ ልጥላት! እኔን ያስቀድመኝ፣ እኔን! በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ እህቴ!»

ሰው ሊያለቅስ አፉን ከፍቶ እንደከፈተ ቀረ። ለቅሶ ላይ ብዙ ነገር ይሰማል፤ እንዲህ ያለውን ግን የሰማ አልነበረም። ኦቦ ኢፋ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ።

«ቆይ ቆይ፣ አሥራት። ለማን ነው የምታለቅሰው?»

«ለወርቅቱ ነዋ!»

«ወርቅቱማ ቤት ውስጥ ናት። የሞተው ሽመክት ነው።»

«ሽመክት?» ጋሽ አሥራት አፈር የያዘ ፊታቸውን ቀና አደረጉ። «ሽመክትን ትናንት አናግሬዋለሁ! እሱ ነው ሽጥ ያለኝ!»

ሁሉም ሰው ወደ እትዬ የሺ ዞረ። እትዬ የሺ ደግሞ ወደ ናዝራዊት ዞሩ፤ ናዝራዊት ግን ነገሩ ገና አሁን ገብቷት አፏን በእጇ ይዛ የበሩ መቃን ላይ ተደግፋ በታፈነ ሳቅ ትንቀጠቀጣለች፤ ከሩቅ ላየ የምታለቅስ ትመስላለች። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወርቅቱ ከጀርባዋ ወጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለኪዳን ያወጡትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ በረንዳው ላይ ቆሙ። እንባቸው ደርቋል።

«ማንም አልሞተም» አሉ። ቀጥለውም ወንድማቸውን አዩዋቸው። «አሥራት፣ ልቅሶህን ጨርስ እንጂ፤ ምነው አቋረጥኩህ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሳሊሃ ናት የሚሉ አሉ። ሳቁ ወደ አግዳሚው፣ ከአግዳሚው ወደ አጥሩ ተዛመተና ግቢውን ሞላው፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ፣ ኦቦ ኢፋ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ወይዘሮ ወርቅቱ ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ።

«እንኳን መጣችሁልኝ» አሉ። «ለልጄ ብላችሁ ከሞቀ አልጋ ተነስታችኋል፤ ብድር ይግባ። ከመጣችሁ አይቀር ግን ምስክር ሁኑኝ። ይህ ቤት የእኔና የናዝራዊት ነው። እኔ በቁሜ እያለሁ አይሸጥም፤ እኔ ከሞትኩም በኋላ እሷ ሳትፈቅድ ከዚህ ግድግዳ ምስማር የሚነቅል የለም። ወልጄ ያሳደግኋት፣ አሁን ደግሞ እኔን የምታሳድገኝ እሷ ናት። ሰምታችኋል?»

«ሰምተናል!» አለ ግቢው ባንድ ድምፅ፣ እንደ ስብሰባ።

ደላላው ያኔ አልነበረም፤ መቼ እንደወጣ ያየው የለም። ገዢው ግን ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ቀረብ አለ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለቤቷ ተስማምተዋል ነው የተባልኩት» አለ። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ሻይ ጠጣ» ብለው ወንበር አስጠጉለት። ለለቅሶ የመጣ ዳቦ ተመልሶ አይሄድም ብለው እትዬ የሺ ስላወጁ ዳቦው ተቆረሰ። «ሽመክት የእውነት ሲሞት እኔን እንዳትጠሩኝ፤ አስቀድሜ ጨርሻለሁ» አለ አንዱ ሽማግሌ። እትዬ የሺ ለራሳቸው ጥብቅና ቆመው፣ «ሻማ ነበር እኮ! ስም ነበር! ቀን ነበር! አንቺ ሳሊሃ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?» እያሉ እያንዳንዱን ሰው በየተራ መኝታ ቤት እያስገቡ ሰዓቱን አሳዩ። አይቶ የወጣ ሁሉ፣ «እውነትም ሟች ይመስላል» ብሎ ፈረደላቸው።

ጋሽ አሥራት አግዳሚው ጫፍ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ወይዘሮ ወርቅቱ ሻይ በእጃቸው ወሰዱላቸው። ባርኔጣቸውንም አራግፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩላቸው። እሳቸው ሻዩን እስኪጨርሱ እህታቸው አጠገባቸው ቆመው ጠበቁ፤ ሲጨርሱም እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ አሥራት ኮታቸውን ከፍተው ውክልናውን አወጡና ሰጧቸው። ናዝራዊት ኋላ በንዴት «እንዴት ሻይ ትሰጪያቸዋለሽ?» ብላ ስትጠይቅ፣ «ልቅሶው ከልቡ ነበር፤ እኔ ለቅሶ አውቃለሁ» አሏት። ናዝራዊት ይህን ስታመዛዝነው ዋለች። ሰው እህቱን ከልቡ እየወደደ ቤቷን በስርቆት ሊሸጥ ይችላል? ይችላል መሰለኝ አለች። ግን ማመኑ እንደ እናቷ አልቀለላትም።

ወረቀቱን መቅደድ እንደማይበቃ ኦቦ ኢፋ ተናገሩ፤ ውክልና የሚነሳው በተሰጠበት ቦታ ነው። ቢሮው ሲከፈት ወይዘሮ ወርቅቱ፣ ናዝራዊትና ኦቦ ኢፋ በገዢው መኪና ሄዱ፤ ላድርሳችሁ ያለው እሱ ራሱ ነው። ሥራ የሌለው የሰፈር ሰው ደግሞ በባጃጅ ተከተለ። የቢሮው ሠራተኛ ጥቁር የለበሰ ሕዝብ በሩን ሲሞላው አይታ፣ «ነፍስ ይማር። የውርስ ጉዳይ ነው?» አለች። «ኧረ ገና ነኝ» አሉ ወይዘሮ ወርቅቱ። «ለቆጣሪ የሰጠሁትን ውክልና ላነሳ ነው።» የሚፈርሙበት ወረቀት ሲቀርብላቸው መነጽራቸውን አድርገው፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያንዳንዱን ፊደል አነበቡ። ከኋላቸው የተሰለፈው ባለጉዳይ ተነጫነጨ። እሳቸው ግን አንብበው ሲጨርሱ፣ «አንዴ ልድገመው» አሉና ደገሙት። ከዚያ ፈረሙ።

ሲመለሱ ወይዘሮ ወርቅቱ መንገዱን በእግር ካልሄድኩ አሉ። ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት ከዋናው አስፋልት እስከ ሰፈራቸው፣ የናዝራዊትን ክንድ ይዘው፣ ለየሱቁ «እንደምን ዋላችሁ» እያሉ አዘገሙ። የሱቁ ሁሉ ሰው ወሬውን ሰምቶ ኖሮ እየወጣ ሰላም አላቸው። አንዱ ባለ ሥጋ ቤት፣ «እትዬ ወርቅቱ፣ ቤት የሚሸጥ አለ ይባላል» ሲላቸው፣ «ያንተን ነው የምሸጠው!» ብለው መለሱለት። ናዝራዊት እናቷ መንገድ ላይ እንዲህ ሲጮኹ ሰምታ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ወይዘሮ ወርቅቱ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸዋል። ናዝራዊት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ልትሰድበው ነበር የፈለገችው፤ ሁለት ጊዜ ጽፋ ሁለት ጊዜ አጠፋች። በመጨረሻ እንዲህ ብላ ላከችለት፦

«ሽሜ፣ ዛሬ ሰበታ ላይ ሞተህ ነበር። ጥሩ ተለቅሶልሃል። ኦቦ ኢፋ በጋቢ መጥተዋል፤ እትዬ የሺ ከኪዳን ቀርተውልሃል፤ አንተ የማታውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ቆመውልሃል። ቤቱ አልተሸጠም፣ አይሸጥምም። ውክልናውን አንስተናል። ያንተ አልጋ ግን ባለበት አለ፤ አንሶላውን ዛሬ ቀይሬዋለሁ። መቼ ትመጣለህ?»

ሁለቱ ምልክቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ። አንብቦታል። ሊጽፍ እንደጀመረ አሳየ፣ ቆመ፤ እንደገና ጀመረ፣ ቆመ። ናዝራዊት ጠበቀች፤ እስኪመሽ ጠበቀች፣ በማግስቱም ጠበቀች።

እስከ ዛሬ አልመለሰም።